ገና ያልወጣው ስልክ እና የእኔ ኒካህ

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ እኔና ካቻቢቴዬ ከገባንበት ሌላ ሰው አያስገባም። ስለዚህ ስልኩን ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ የሚጠብቀው በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩን አባቴ ከዋንዛ ጣውላ ነበር የሠራው። አንድ እግሩ አጥሮ ስለቀረ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎለታል። ድንጋዩ ሲንሸራተት የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ፤ ወሬውን የሚያቋርጥ ግን የለም።

ወሬው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚቀጥለው ስልክ።

ስሙን የማልጠራው አንድ የውጭ ኩባንያ በየዓመቱ ጥር ላይ አዲስ ስልክ ያወጣል። እኛ ግን ጭቅጭቁን የምንጀምረው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ካሜራው ስንት ይሆናል? ቻርጀር መሰኪያው ይቀራል ወይስ ይነሳል? ይታጠፋል? ከታጠፈስ እንደ መጽሐፍ ነው እንደ ነጠላ? ኩባንያው ራሱ አስቦ ሳይጨርስ እኛ አስበን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን እናድራለን። ኩባንያው ሐይቅ የምትባል ከተማ መኖሯን ማወቁን እጠራጠራለሁ። እኛ ግን የኩባንያውን ነገር ከራሳችን ጎረቤት ጉዳይ ይበልጥ እናውቃለን፤ ቢያንስ እንደሚያውቅ ሰው እንናገራለን።

ዋነኞቹ ተከራካሪዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው አጎቴ ናቸው፤ ሐጂ ናቸው፣ ከሱቄ ቀጥሎ እህል ይነግዳሉ። ሁለተኛው ከወንበሩ ትይዩ የሚኖሩት መሪጌታ ናቸው፤ በሐይቁ ገዳም ትርጓሜ ተምረው ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ማይክ የማይፈልግ ሰው። ሁለቱም የያዙት በላዩ ላይ መብራት ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስክሪኑ በጣት የሚነካ ታች ስልክ በሕይወታቸው ይዘው አያውቁም። አንድ ቀን አጎቴ የደንበኛ ስልክ ሲያቀብሉኝ በጣታቸው ነክተውት ካሜራው ቢከፈት፣ የገዛ ፊታቸውን አይተው «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ታዲያ እኔ ባገባሁበት ዓመት፣ ገና መኸር ሳይሰበሰብ፣ ኩባንያው አንድ ሥዕል ለቀቀ። ጥቁር ሥዕል ነው፤ መሀሉ ላይ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ጎበጥ ብላ ታልፋለች። ሌላ ምንም የለውም። እኔ ለመሪጌታ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቅርበው፣ አርቀው፣ እንደገና አቅርበው አዩት።

«ይህቺ መስመር ጎብጣለች» አሉ። «ስልኩ ይታጠፋል ሲል ነው። አንድም፣ ብርሃን በጨለማ መካከል ታይታለችና በጨለማ ፎቶ ያነሳል ሲል ነው። አንድም፣ መስመሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተቋረጠችምና ባትሪው ከማለዳ እስከ ማለዳ ይዘልቃል ሲል ነው።»

«ስክሪኑ ተሰንጥቆ ቢሆንስ?» አሉ አጎቴ።

«ሐጂ፣ ለዓለም ሕዝብ የተሰነጠቀ ስልክ የሚያሳይ ነጋዴ አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ስንት ነጋዴ ነቀዝ የበላው ማሽላ ሲያሳየኝ አይቻለሁ፣ ወላሂ።»

ይህ ክርክር ለሳምንት ይበቃን ነበር። እሷ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው።

የውጫሌ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በቅርቡ ተመልሳለች። ደሴ ጉዳይ ኖሯት ስትመለስ ስልኳ ቻርጅ አልይዝ ብሏት ከታክሲ ወረደች። «ሞተ መሰለኝ» አለችና ሰጠችኝ፤ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ ድንጋዩም ተንሸራተተና ሁሉም አጋደሉ። እሷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በእጇ ወደ ቦታው መለሰችው። አሥራ ምናምን ዓመት ስንቀመጥበት ይህን ያደረገ ሰው አላየሁም፤ እኛ አጋድለን መቀመጡን ለምደነው ነበር።

መሪጌታ ዳኛ ያገኙ መሰላቸው። «ልጄ፣ ከዚያ ማዶ ነው የመጣሽው። እስቲ ፍረጂን፤ የሚመጣው ስልክ ይታጠፋል አይታጠፍም?»

«እንጃ መሪጌታ» አለች። «እኔ የነበርኩበት ቤት አዲስ በመጣ ቁጥር አሮጌው መሳቢያ ይገባል። እኔ መሳቢያውን ነው የምወለውለው። ከዚያ ውስጥ የታጠፈ አላየሁም።»

ስልኳ ምንም አልሆነም ነበር። መሰኪያው ውስጥ የልብስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ነው፤ በመርፌ አወጣሁት። እንደ ልማዴ ልሸጥ ልለውጥ ብዬ፣ «ይሄ እኮ አርጅቷል፤ ትንሽ ብትታገሺ ጥር ላይ አዲሱ ይወጣል» አልኳት።

«ይሠራል አይደል?» አለችኝ።

«ይሠራል።»

«በቃ።»

ሄደች። እኔ መርፌውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በሱቄ ዕድሜ ስልኩ በመሥራቱ ብቻ ደስ ብሎት የሄደ ደንበኛ እሷ የመጀመሪያዬ ነበረች። ወደድኳት፤ ሌላ ምን ልበል። ከዚያ በኋላ ስልኳ ሦስት ጊዜ ቻርጅ እምቢ አላት። በሦስተኛው ጊዜ መሰኪያው ንጹሕ ነበር፤ እኔ ግን እንደቆሸሸ ሁሉ በመርፌ ጠረግኩት።

ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። አባቴ በሕይወት ስለሌለ አጎቴ የራሳቸው ጉዳይ አድርገው ያዙት፤ መሪጌታንም ጨመሩ። በእኛ አገር ለሽምግልና የሚመረጠው አንደበት ነው፤ ሃይማኖት አይጠየቅም። ሁለቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ውጫሌ ሲሄዱ ከኋላ ሆኜ አየኋቸው። በዚያች ቀን ከወንበሩ መራቃቸው ራሱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

የሆነውን የሰማሁት ከሁለቱ ነው፤ እያንዳንዱም ጥፋቱን በሌላው እያሳበበ ነው የነገረኝ። አባቷ አርፈዋልና የሚድሯት አጎቷ ናቸው። ውጫሌ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ በነገር የማይሸነፉ ሰው ናቸው። ነገሩ በሰላም አልቆ መህሩ ላይ ደረሰ፤ ባል በኒካሁ ቀን ለሚስቱ የሚሰጠው፣ የእሷ ብቻ የሚሆነው ስጦታ ማለት ነው።

«ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አጎቷ።

«ስልክ ይጠግናል» አሉ አጎቴ።

«እንግዲያው መህሯ ስልክ ይሁን። ከሥራው ይስጣት።»

አጎቴ ደስ አላቸው። «አሁን ያለውን፣ ካሉት ሁሉ ትልቁን እንሰጣለን፣ ኢንሻአላህ።»

«እሱማ ሠርጉ ሲደርስ ያረጃል!» አሉ አጎቷ። «ሠርጉ ጥር ነው። ጥር ላይ አዲስ እንደሚወጣ እኔም ሰምቻለሁ። ለወንድሜ ልጅ አሮጌ ልትሰጡ ነው የመጣችሁት?»

እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሽማግሌ ቢኖር ነገሩ ያበቃ ነበር። አጎቴ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «እንግዲያው ገና ያልወጣውን እንሰጣለን!» አሉ። መሪጌታም ነገሩ ግማሽ ሆኖ እንዳይቀር ብለው ስልኩን ተነተኑት። ይታጠፋል አሉ። በጨለማ ያያል አሉ። ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ እየጠራ ይወጣል አሉ። ይህን የመጨረሻውን እንኳን ወንበራችን ላይ አንስተነው አናውቅም፤ እዚያው ያመጡት ነው። አጎቷም «ማሻአላህ» ብለው ተቀበሉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ።

እንዲህ ሆኖ ነው በዓለም ላይ የሌለ ስልክ ባለዕዳ የሆንኩት።

መጀመሪያ ላይ ብዙም አልፈራሁም። ኩባንያው በየዓመቱ ያወጣል፤ ዓረብ አገር ወንድም አለኝ፤ በወጣ በማግስቱ ገዝቶ በሰው ይልክልኛል ብዬ ነበር። መታጠፉን ብቻ ነበር የምጸልየው። ሌላው ሰው ስለ ስልኩ እንደ ጨዋታ ሲገምት፣ እኔ እንደ ፈተና ውጤት ነበር የምጠብቀው። አንድ ድረ ገጽ ይታጠፋል ሲል ምሳዬን በልቼ እውላለሁ፤ ሌላው አይታጠፍም ሲል ሳልበላ እውላለሁ። እናቴ «ልጄን ፍቅር አከሳው» ትል ነበር። የሚያከሳኝ ማጠፊያው ነበር።

ታህሳስ መጨረሻ ላይ፣ በእኩለ ቀን፣ የአንድ ባጃጅ ነጂ ስክሪን እየቀየርኩ ሳለ ዜናውን አየሁ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል። የጥር ወሩ የማስተዋወቂያ ዝግጅት ተላልፏል። መቼ? «በቅርቡ።»

ወጥቼ ለወንበሩ ነገርኩ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ «በቅርቡ ማለት ሳምንት ነው። አንድም ወር ነው። አንድም...» ሲሉ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ መሪጌታ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «አንድም እኔ ልሞት ነው!» አልኳቸው። አልተቀየሙም፤ «እሱም አለበት» አሉ።

አጎቴ ወደ ውጫሌ ደወሉ፤ ስልኩ እስኪወጣ በሌላ ይተካ ብለው ለመኑ። አጎቷ አይሆንም አሉ። እልኸኛ ብቻ ሆነው አይደለም፤ ሰውየው ለገበያው ሁሉ አውርተዋል። ውሃ ውስጥ እየጠራ የሚወጣ ስልክ ሊያይ ከወረባቦ ድረስ የሚመጣ እንግዳ አለ። «ስልኩ በወጣ ቀን ኒካሁ ይታሰራል» አሉ።

ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን መጠበቅ ነበር። ግን እሷ ዓረብ አገር ትሠራበት የነበረው ቤት እመቤት፣ ማዳሟ፣ እየደወለች ነበር። ጥር ሳያልቅ ከተመለሰች ሥራው አለ፤ ካልተመለሰች ሌላ ትቀጥራለች። አጎቷም ይህን አልደበቁም፤ ኒካሁ በተቆረጠው ቀን ካልታሰረ ልጅቱ ሥራዋን አጥታ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፣ ትሄዳለች አሉ። ከሄደች ደግሞ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ነው። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ እጮኛሞች መነጋገር በአጎቷ ዘንድ ነውር ስለሆነ ምን እንደምታስብ ልጠይቃት እንኳ አልቻልኩም። ስልክ ጠጋኝ ሆኜ መደወል ተከለከልኩ። ፈራሁ። እሷን ማጣት ፈራሁ፤ ይህን ለማንም ሳልናገር የሰው ስልክ ስፈታና ስገጥም ሰነበትኩ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳ ተጠርቶ ስላለቀና ስልኩም እስከዚያው ይወጣል ተብሎ ተስፋ ስለተደረገ፣ ቀኑን የሰረዘ አልነበረም። ውጫሌ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰንጋ ታርዷል፤ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻው ታርዶ ለብቻው ተሠርቷል። አጎቴ «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ ይዘውኝ ሄዱ። በመኪናው ውስጥ ሁሉ ዓይኔን ከስልኬ አልነቀልኩም፤ ምናልባት ዛሬ ያወጡት ይሆናል ብዬ። ኩባንያው ያን ቀን ያስተዋወቀው አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ነበር።

ኒካሁን የሚያስሩት ሼክ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ነው የመጡት። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ምስክሮቹ ተለዩ።

«መህሩ ምንድን ነው?» አሉ ሼኩ።

«ስልክ ነው» አሉ አጎቷ፣ ለድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

«አምጡት።»

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሼኬ፣ ስልኩ ገና አልወጣም።»

«ከየት?»

«ከኩባንያው።»

«ተሠርቷል?»

አጎቴ ወደ መሪጌታ አዩ። መሪጌታ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ምንጣፉ አየሁ። «ይሠራል ተብሎ ይገመታል» አሉ አጎቴ።

«ማነው የገመተው?»

«እኛው።»

ሼኩ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ሱብሐነላህ! እናንተ የሐይቅ ሰዎች፣ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ሳይያዝ እንደማይሸጥ ከልጅነታችሁ ታውቃላችሁ። ዓሣው እንኳን ውሃው ውስጥ አለ! ይሄኛው ጭራሽ የለም። የሌለ ነገር መህር አይሆንም።»

መሪጌታ ከእንግዶቹ መካከል ተነሥተው፣ «ሼክ፣ ይፍቀዱልኝና፣ አለ የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ማየት...» ሲሉ፣ ሼኩ በፈገግታ እጃቸውን አነሱ። «መሪጌታ፣ አንቱ ቢተረጉሙት ይወጣል፤ አውቃለሁ። ግን የሚያገባው ይሄ ልጅ ነው።» ድንኳኑ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አጎቷ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው ይተላለፋ!» አሉ። ይተላለፍ ማለት በቅርቡ ማለት ነው፤ በቅርቡ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

ሼኩ ግን፣ «ቆዩ። መህሩ የማን ነው?» አሉ።

«የሷ።»

«እሷ ስልክ ነው የምፈልገው አለች?»

ከክረምት ጀምሮ ስለ ስልኩ ያልጠየቅነው ሰው አልነበረም፤ ምን እንደምትፈልግ ግን እሷን ማንም አልጠየቃትም። እኔም ጭምር።

ሁለቱ ምስክሮች ሙሽራዋ ወዳለችበት ጓዳ ተላኩ። ቆዩ። ሲመለሱ አንደኛው ሳቁን በጋቢው ጫፍ ይዞ ነው።

«ልጅቱ የምትለው» አለ፣ «‹ስድስት ዓመት ሙሉ ለእናቴ የሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ስላት ኖሬያለሁ። የሚመጣ ነገር ጠግቤያለሁ። ያለ ነገር ይሰጠኝ› ነው።»

ከጓዳው በኩል የእናቷ ሳግ ይሰማ ነበር።

«ምን ይሰጣት?» አሉ ሼኩ።

«አግዳሚ ወንበር» አለ ምስክሩ።

«ምን?»

«ሱቁ በር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር። እነ ሐጂ የሚቀመጡበትን።»

አጎቴ «ያ ረቢ!» አሉ፤ እጃቸው መሬቱን ዳበሰ፣ ወንበሩ ከሥራቸው የተወሰደ ይመስል። ሼኩ ግን ፊታቸው በራ።

«ወንበሩ አለ?»

«አለ!» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ። ግማሹ ሰው ተቀምጦበታል።

«እኔም ተቀምጬበታለሁ» አሉ ሼኩ። «ባትሪ ሳስቀይር። ነገር ግን አንድ እግሩ አጭር ነው። ጉድለቱ ይነገራት፤ ሳታውቅ እንዳትቀበል።»

ምስክሮቹ እንደገና ጓዳ ገቡ። እንደገና ተመለሱ።

«አውቃለሁ አለች። ድንጋዩም ከመህሩ ጋር ይታሰብልኝ አለች።»

በዚህ ዓይነት፣ በአንድ አግዳሚና በአንድ ድንጋይ፣ ኒካሁ ታሰረ። እኔ አለቀስኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ጢሱ ነው አልኩ። የሚጨስ ነገር በአቅራቢያው አልነበረም። አጎቷ ለገበያው ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ነበር፤ ኋላ ግን የወንድማቸው ልጅ ከነሽማግሌዎቹ ወንበር እንዳገኘች አድርገው ማውራታቸውን ሰማሁ።

ከሠርጉ በኋላ ሱቅ የከፈትኩ ቀን አብራኝ መጣች፤ ወንበሯ መሀል ላይ ተቀመጠች። አጎቴና መሪጌታ ከፀሐዩ ሥር ቆመው እርስ በርስ ተያዩ።

«ባለ ንብረት፣ እንቀመጥ?» አሉ መሪጌታ።

«ይቀመጡ መሪጌታ፤ ምን በወጣዎ» አለች። «ግን ስላለ ነገር የሚያወራ ተቀምጦ ያውራ። ስለሚመጣው የሚያወራ ቆሞ ነው።»

የመጀመሪያው ሳምንት ጨነቃቸው። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሐይቁ ውሃ መጉደል ተጫወቱ። በሁለተኛው ሳምንት መሪጌታ ሳያስቡት «አንድም...» ብለው ጀመሩና ራሳቸው ብድግ አሉ። አሁን ልማድ ሆኗል። ከአስፋልቱ ማዶ ሆኜ ማን እንደቆመ ካየሁ ወሬው ምን እንደሆነ ሳልሰማ አውቃለሁ።

ስልኩ በመጨረሻ ወጣ። አልታጠፈም። ካለፈው ዓመቱ የሚለየው በቀለሙ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዜናውን ቆመው ሰሙት። ባለቤቴ ስልኩ አሁን ያለ ነገር ሆኗልና ልትቀመጡ ትችላላችሁ ብትላቸው፣ ወዲያው ስለሚቀጥለው ጀመሩ፤ ስለዚህ ቆመው ቀሩ።

እኔ ግን ያን ቀን ስለ ስልኩ ብዙ አላሰብኩም። የእሷ ስልክ ጠርቶ ነበር፤ ያ አሮጌው። በዓረብኛ ጥቂት አወራች። የጀመርኩትን ብሎን ሳልጨርስ ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩ፤ ማን እንደደወለ ገብቶኛል። ስትዘጋው ከሱቁ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ተንሸራተተ፤ እሷም ጎንበስ ብላ መለሰችው።

«ማዳም ናት» አለችኝ። «መቼ ነው የምትመጪው? አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«መጥቻለሁ አልኳት።»